እቁቡ ወጣልኝ፣ ቆጠራዬም ልክ ነበር፤ ታዲያ ለምን ተበላሁ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ብላክጃክ ናቸው፤ ከ21 ሳያልፉ ከካሲኖው ካርታ አዳይ (ዲለር) የበለጠ ድምር ለማግኘት የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ለየብቻ ከምመልሳቸው አንድ ላይ ባደርጋቸው ይሻላል አልኩ። ለማታውቁኝ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ለዓመታት ዲለር ሆኜ ካርታ አድያለሁ፤ አገር ቤት ሳለሁ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ቁማር ተጫወቱ አልልም። አትጫወቱ ብዬ ስብከት ውስጥም አልገባም፤ ለሱ ከኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ። የተጠየቅኩት ሒሳብ ስለሆነ የምመልሰውም ሒሳብ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ቬጋስ ታክሲ ነው የምነዳው። ስምንት ወር ሙሉ ካርታ መቁጠር ተለማምጃለሁ። አንድ ዴክ (52 ካርታ) በ25 ሰከንድ ቆጥሬ እጨርሳለሁ፣ ስህተት የለብኝም። ባለፈው ወር እቁብ ወጣልኝ። 24 ሰው ነን፣ በወር 500 ዶላር እንጥላለን፣ የኔ ዕጣ ሦስተኛ ላይ ወጣ። 12 ሺህ ዶላሩን ይዤ ስድስት ዴክ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ፤ ትንሹ ውርርድ 25 ዶላር ነው። ቆጠራው +6 ሲደርስ 400 ዶላር አስይዛለሁ፣ ከዚያ በታች ከሆነ 25። በሁለት ሌሊት 3 ሺህ 800 ዶላር ተበላሁ። ቆጠራዬ ልክ ነበር፣ እምልልዎታለሁ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? የጠፋውን እስክመልስ ድረስ 400ውን 600 ባደርገውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትማልልኝ፣ አምኜሃለሁ። 25 ሰከንድ ጥሩ ፍጥነት ነው። ችግሩ ቆጠራ የሚነግርህ መቼ እንደምታስይዝ ብቻ መሆኑ ነው። ስንት እንደምታስይዝ የሚነግርህ ሌላ ሒሳብ አለ፣ እሱን ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ይቺ 400 ዶላር ከየት መጣች? 300 ያልሆነችው ለምንድን ነው? 80 ያልሆነችውስ? እንደገመትኩት ከሆነ ቆጠራው ሲሞቅ ልብህም አብሮ ሞቀና ደስ ያለህን ቁጥር አስቀመጥክ።

ለሌሎቹ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በተለመደው አቆጣጠር ከ2 እስከ 6 ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ፣ 10ና ባለሥዕሎቹ ወይም አስ ሲወጡ አንድ ትቀንሳለህ፣ 7፣ 8ና 9 ዜሮ ናቸው። ትንንሾቹ ወጥተው ካለቁ የቀረው ካርታ በ10ና በአስ የተሞላ ነው ማለት ነው። ያ ለተጫዋቹ ይመቻል። ብላክጃክ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና ባለ 10 ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ ለተጫዋቹ አንድ ተኩል እጥፍ ሲከፈል ለዲለሩ ግን ያው ያስያዝከው ብቻ ነው የሚሄደው። ውርርድህን ማጠፍም፣ ማለትም እጥፍ አስይዘህ አንድ ካርታ ብቻ መጨመር፣ ያኔ ያዋጣል። ዲለሩ በበኩሉ 16 ላይ ሆኖም ካርታ የመጨመር ግዴታ ስላለበት ከ21 የማለፍ ዕድሉ ይጨምራል።

አሁን ወዳንተ። የመጀመሪያው ስህተት +6 ያልካት ቁጥር ናት። እሷ ጥሬ ቆጠራ ናት። ጥሬውን ገና ላልወጣው ካርታ የዴክ ብዛት ማካፈል አለብህ፤ ቆጣሪዎቹ ትሩ ካውንት የሚሉት እሱን ነው። +6 ሆኖ አራት ዴክ ከቀረ ትሩ ካውንቱ አንድ ተኩል ነው። ያው +6 አንድ ዴክ ብቻ ሲቀር ግን ስድስት ይሆናል። በጆሮ ሲሰሙት አንድ ቁጥር ነው፣ በገንዘብ ግን ሰማይና ምድር። አንተ ለሁለቱም 400 አስይዘሃል።

ደህና ሕግ ባለው የስድስት ዴክ ጨዋታ፣ እያንዳንዱን እጅ በትክክል ብትጫወት እንኳ፣ ካሲኖው ገና ሲጀመር ግማሽ በመቶ ገደማ ይበልጥሃል። ትሩ ካውንቱ በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር ሚዛኑ ወዳንተ ግማሽ በመቶ ያህል ያዘነብላል። ስለዚህ +1 ላይ እኩል ናችሁ። +2 ላይ ግማሽ በመቶ ትበልጣለህ፣ +3 ላይ አንድ በመቶ፣ +5 ላይ ሁለት በመቶ። ይኸው ነው። ስምንት ወር የለፋህበት ብልጫ ከመቶ አንድና ሁለት ነው። ከዚያ በላይ የሚነግርህ ካለ ኮርስ ሊሸጥልህ ነው።

ከመቶ አንድ ብልጫ ያለው ሰው ታዲያ ስንት ያስይዝ? ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1956 የመለሰው ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም የሚሠራ ጆን ኬሊ የሚባል ሰው ነው። ጽሑፉ ስለ መረጃ ስርጭት ነበር፣ ነገር ግን ቁማርን ምሳሌ አደረገ። መልሱ ሲጨመቅ ቀላል ነው፦ ካለህ ገንዘብ ላይ የምታስይዘው ድርሻ በብልጫህ ልክ ይሁን። 100 ጊዜ ቢወረወር 51 ጊዜ የሚያሸንፍልህ ሳንቲም ቢኖርህ ብልጫህ ሁለት በመቶ ስለሆነ በየውርወራው ካለህ ገንዘብ ሁለት በመቶ ታስይዛለህ። ብላክጃክ ላይ ማጠፍ አለ፣ ሁለት ተመሳሳይ ካርታን ለሁለት እጅ መክፈል አለ፣ የአንድ ተኩል ክፍያም አለ፣ ስለዚህ ገንዘቡ ከሳንቲሙ የበለጠ ይዋዥቃል፤ ለሱ ብለን ያገኘነውን ለ1.3 እናካፍላለን።

የኬሊን ሐሳብ ለኤድዋርድ ቶርፕ የጠቆመው የመረጃ ሳይንስ ሊቁ ክሎድ ሻነን ነው። ቶርፕ ደግሞ ብላክጃክ በቆጠራ እንደሚሸነፍ በሒሳብ ያሳየው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቬጋስ ወዳለችበት ግዛት ወደ ኔቫዳ ሄዶ ሲሞክረው ገንዘቡን ያቀረቡለት ባለሀብቶች መቶ ሺህ ዶላር ሊሰጡት ፈልገው ነበር። እሱ በ10 ሺህ ልጀምር አለ፤ ያንንም በትንንሽ ውርርድ ነው የጀመረው። ነገሩን የፈጠረው ሰው የሌሎች መቶ ሺህ ዶላር ቀርቦለት ፈራ። አንተ በእቁብ ብር አልፈራህም።

ያንተን እናስላ። 12 ሺህ ዶላር፣ ትሩ ካውንት አንድ ተኩል፣ ብልጫው ከመቶ ሩብ። ይሄ 30 ዶላር ነው፣ ለ1.3 ሲካፈል 23 ዶላር ይሆናል። ኬሊ 23 አስይዝ ሲልህ አንተ 400 አስያዝክ፣ አሥራ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ትሩ ካውንቱ እውነትም +3 ቢሆን 92 ዶላር፣ +4 ቢሆን 138፣ +5 ቢሆን 185 ነበር። 400 ልክ የምትሆነው ወደ +10 ሲጠጋ ነው፤ እሱን ደግሞ በስድስት ዴክ ጨዋታ ስትጠብቅ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

“ብልጫ ካለኝ ብዙ ባስይዝ ምን ጎዳኝ፣ ይልቅ ቶሎ አላገኝም?” ትል ይሆናል። አታገኝም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። 100 ዶላር አለህ እንበል። 50 በመቶ አተረፍክና 150 ሆነ። ቀጥሎ 50 በመቶ ከሰርክ። 75 ቀረህ። አንድ ጊዜ አሸነፍክ፣ አንድ ጊዜ ተሸነፍክ፣ ገንዘቡ ግን ጎደለ። ውርርድህ በገንዘብህ ላይ እየገዘፈ በሄደ ቁጥር ይሄ ጉድለት ይገዝፋል፣ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ብልጫህን ራሱን ይበላዋል። ቦታውም ይታወቃል። የኬሊን እጥፍ ካስያዝክ ገንዘብህ ውሎ አድሮ አያድግም፣ ዜሮ ዕድገት ነው። ከእጥፍ በላይ ካስያዝክ ብልጫ እያለህ፣ ቆጠራህ ልክ ሆኖ፣ እጅህንም በትክክል እየተጫወትክ ቀስ በቀስ ታልቃለህ። አሥራ ሰባት እጥፍ ላይ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚለውን ቃል አውጣው።

ያሳለፍካቸውን ሁለት ሌሊቶች በዚህ ዓይን እያቸው። 400 ዶላር 30 ጊዜ አስይዘህ ነበር እንበል። በዚያች ሩብ በመቶ ብልጫ፣ በአማካይ ልታገኝ የምትጠብቀው 30 ዶላር ነው። አዎ ሠላሳ። የገንዘቡ መዋዠቅ ደግሞ ወደላይም ወደታችም 2 ሺህ 500 ዶላር ገደማ። ለሠላሳ ዶላር ብለህ በየሌሊቱ በሺዎች ስትወዛወዝ ነበር። 3 ሺህ 800 መበላትህ የሚያስገርም መጥፎ ዕድል አይደለም፤ በዚያው ልክ አሸንፈህ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፍልኝም ነበር፣ እቁቡን ሁሉ ይዘህ ወደ ጠረጴዛው ትመለስ ነበር።

ትክክለኛውን ብታስይዝም ነገሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። +3 ላይ 92 ዶላር ስታስይዝ የምትጠብቀው ትርፍ 92 ሳንቲም ነው፣ በዚያች አንዲት እጅ የሚወዛወዘው ግን 106 ዶላር አካባቢ። ብልጫህ ከመዋዠቁ ጋር እንኳ እኩል እንዲሆን ከ13 ሺህ በላይ እንዲህ ያለ እጅ መጫወት አለብህ። በሰዓት 80 እጅ ብትጫወት፣ ከዚያ ውስጥ እንዲህ የሚሞቀው ጥቂቱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ፣ እኔም ዲለር ሆኜ ብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር። ቆጠራው ሞቆም ቢሆን ከምታሸንፈው እጅ የምትሸነፈው ይበዛል። ትርፉ የሚመጣው ከብላክጃኩ ክፍያ፣ ከማጠፍና ካርታን ለሁለት ከመክፈል፣ +3ና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ከኢንሹራንሱ ነው፤ እሱም የዲለሩ ግልጥ ካርታ አስ ሲሆን ብላክጃክ አለው ብለህ የምታስይዘው የጎን ውርርድ ነው። ስለዚህ “ቆጠራው ሞቆ እንዴት አራቴ ተከታትዬ እበላለሁ” ብለህ አትናደድ። እንደዚያው ነው።

በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ሙሉ ኬሊ አያስይዙም። ሙሉ ኬሊ የሚጫወት ሰው የሆነ ቀን ገንዘቡ ግማሽ የመሆን ዕድሉ ከሁለት አንድ ነው። በግማሽ ኬሊ ይህ ዕድል ከስምንት አንድ ይሆናል፣ ዕድገቱ ግን የሙሉውን ሦስት አራተኛ ይይዛል። ከዕድገቱ ሩቡን ሰጥተህ ይህን ያህል እንቅልፍ መግዛት እኔ እንደማውቀው ካሲኖ ውስጥ ያለ ብቸኛው ርካሽ ነገር ነው። በግማሽ ኬሊ ያንተ 12 ሺህ +3 ላይ 46 ዶላር፣ +5 ላይ 92 ዶላር ያስይዛል። 400 ዶላርን +3 ላይ በዚህ መንገድ ለማስያዝ 104 ሺህ ዶላር ሊኖርህ ይገባል።

አሁን ደስ ወደማይለው ክፍል እንምጣ። 12 ሺህ ዶላር አለኝ ብለኸኛል። የለህም። 24 ሰው፣ በወር 500፣ ሦስተኛው ዕጣ። ሦስት ወር ጥለሃል፣ 21 ወር ይቀርሃል። ይሄ 10 ሺህ 500 ዶላር ዕዳ ነው። መጀመሪያ ላይ የደረሰው ሰው እቁብ ተበደረ እንጂ ቆጠበ አይባልም፤ ዳኛው ዋስ ጥራ ያለህ ለዚህ ነው። ያንተ የሆነው 1 ሺህ 500 ዶላር ብቻ ነበር። የኬሊ ሒሳብ የሚሠራው ብትበላው ማንም በርህን በማያንኳኳብህ ገንዘብ ላይ ነው። በ1 ሺህ 500 ዶላር +3 ላይ ሙሉ ኬሊ ራሱ 11 ዶላር ከሃምሳ ነው፤ +5 ላይ 23 ዶላር። የዚያን ጠረጴዛ ትንሹን ውርርድ፣ 25 ዶላርን እንኳ አልደረሰችም። ማለትም እዚያ ወንበር ላይ ገና ስትቀመጥ ከመጠን በላይ አስይዘህ ነበር።

“ከታክሲው ገቢ እጥላለሁ” ትለኝ ይሆናል። ጥሩ፣ ከቻልክ እሱም ይቆጠራል፤ በየወሩ ከደሞዙ የሚጨምር ሰው በትንሽ ገንዘብ ትንሽ ደፈር ማለት ይችላል። ግን ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወር አለ፣ መኪናው የሚቆምበት ወር አለ፣ ዋስህም ስልክ አለው።

600 ይሁን ወይ ላልከው፦ አይሆንም። ገንዘብህ ሲቀንስ ውርርድህ አብሮ ይቀንሳል፣ ቀመሩ ራሱ የሚለው ይሄን ነው። ዕዳውን ረስተን የቀረህን 8 ሺህ 200 ሁሉ ያንተ ነው ብንል እንኳ +3 ላይ ግማሽ ኬሊ 32 ዶላር ገደማ፣ +5 ላይ 63 ነው። ከ25 እስከ 63 ከፍና ዝቅ በማለት የስድስት ዴክ ጨዋታ አይሸነፍም። ቆጠራው ሲቀዘቅዝ የምትከፍለው 25 ሲሞቅ የምታገኘውን ይውጠዋል። ስድስት ዴክ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ትልቁ ውርርዳቸው የትንሹን ስምንትና አሥራ ሁለት እጥፍ ነው፣ ወይም ደግሞ ከጀርባ ቆመው ቆጥረው ሲሞቅ ብቻ ይቀመጣሉ። ይህንንም የሚከለክሉ ጠረጴዛዎች አሉ፤ ካርታው መሃል ላይ ሳለ መግባት አይቻልም የሚል ጽሑፍ ታያለህ።

ዝቅ ያለ ጠረጴዛ እፈልጋለሁ ካልክ ደግሞ ስትሪፑ (የቬጋስ ዋናው የካሲኖ ጎዳና) ላይ ያሉት ርካሾቹ ጠረጴዛዎች አብዛኞቹ ብላክጃክን የሚከፍሉት ስድስት ለአምስት ነው። ጨርቁ ላይ ተጽፏል፣ አንብበው። 20 ዶላር አስይዘህ ብላክጃክ ሲመጣ 30 መሆን የነበረበት 24 ይሆናል። ብላክጃክ ከ21 እጅ አንዴ ገደማ ይመጣል፣ ስለዚህ ይህ ነገር ለካሲኖው 1.4 በመቶ ገደማ ይጨምርለታል። እዚያ ጋ እኩል ለመሆን ብቻ ትሩ ካውንት +4 ያስፈልግሃል። ቁጭ ብለህ ቢራ መጠጣት ይሻልሃል።

አንዲት ነገር ደግሞ፣ እኔ እያልኳት ደስ ባይለኝም። ቲፕ። በቲፕ ቤቴን ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግን በአንድ ጥሩ እጅ 92 ሳንቲም የምትጠብቅ ሰው በየብላክጃኩ 5 ዶላር ከወረወረ ብልጫው ያለው ዲለሩ ጋ ነው።

ምክሬ፦ የቀረውን ለእቁቡ አስቀምጥ። ስድስት ወር ከራስህ ገቢ ለብቻው አጠራቅም፣ እስከዚያ ቤት ውስጥ ትሩ ካውንት ማካፈልን ተለማመድ፣ በተለይ የወጣውን ካርታ ክምር በዓይን አይቶ ስንት ዴክ እንደቀረ መገመትን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ወንድሜ በየቅዳሜው ካሲኖ ይሄዳል። ዘዴ አለኝ ይላል፣ በ15 ዶላር ይጀምርና ሲሸነፍ እጥፍ ያስይዛል፣ ሲያሸንፍ ወደ 15 ይመለሳል። “አንድ ቀን ማሸነፌ አይቀርም” ይለኛል። ሒሳቡ ልክ ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማሸነፉማ አይቀርም። ጥያቄው እስከዚያ የሚያደርስ ገንዘብ አለው ወይ ነው። 15፣ 30፣ 60፣ 120፣ 240፣ 480። ስድስቴ ተከታትሎ ሲበላ 945 ዶላር ወጥቷል፣ ሰባተኛው ውርርድ 960 መሆን አለበት። ብዙ ጠረጴዛ ላይ እዚህ ሳይደረስ ትልቁ ውርርድ ያግደዋል። ባያግደው እንኳ እነዚያን ሁሉ አውጥቶ የሚያተርፈው ያችኑ የመጀመሪያ 15 ዶላር ነው። እኩል የወጡትን ትተን ስንቆጥር፣ ስድስቴ ተከታትሎ የመበላት ዕድሉ ከ50 ሙከራ አንዱ ገደማ ነው፤ በሰዓት 80 እጅ በሚታደልበት ቦታ ይሄ የአንድ ምሽት ጉዳይ ነው።

ቆጣሪውም ወንድምሽም ውርርዳቸውን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ቆጣሪው ከፍ የሚያደርገው ገና የሚመጣው ካርታ ስለተሻለ ነው። ወንድምሽ ከፍ የሚያደርገው ያለፈው ካርታ ስላናደደው ነው። ብዙ ቅዳሜዎች ትንሽ ትንሽ ይዞ እየመጣ ስለሆነ አይሰማሽም፣ ይህ ዘዴ ሰው የሚያሳምነው በዚህ ነው። አትከራከሪው። የእያንዳንዱን ቅዳሜ ውጤት ደብተር ላይ ይጻፍልሽ፣ አንድም ሳይዘል፣ ለሦስት ወር። ካልጻፈ ደግሞ ያወቀው ነገር አለ። ከቤት ኪራይና ከልጆች ገንዘብ መንካት ከጀመረ ግን ጉዳዩ ሒሳብ አይደለም፣ ከቁማር ሱስ ጋር የሚሠራ ባለሙያ ፈልጉ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አሉ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። ስልኬ ላይ ብላክጃክ አለ። ካርታ ቆጥሬ ብጫወት ያዋጣኛል? ካዋጣ ስንት በመቶ ላስይዝ?

መልስ፦ ዜሮ በመቶ። ካርታውን የሚያድለው ፕሮግራም ከሆነ በየዙሩ አዲስ ነው የሚበወዘው። ያለፈው ዙር ስለሚመጣው ምንም አይነግርህም፣ ስለዚህ የሚቆጠር ነገር የለም። ብልጫ ከሌለ ኬሊ የሚልህ ዜሮ ነው፣ ቀመሩ ላይ የሚደራደር ነገር የለም። በቪዲዮ እውነተኛ ሰው የሚያድልበትም አለ፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ዴክ ይዞ ግማሹ ላይ ሲደርስ ይበውዘዋል፤ ቆጠራው ሳይሞቅ ያልቃል። ካሲኖ ውስጥም ካርታውን ያለማቋረጥ የሚበውዝ ማሽን ያለበት ጠረጴዛ እንደዚያው ነው።

ለኳስ ውርርድም ይሠራል ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቃለሁ። ቀመሩ ይሠራል። ግን ቆጣሪው ብልጫውን በቁጥር ያውቀዋል፣ አንተ “አርሴናል ዛሬ አይሸነፍም” የምትለው ስሜት ስንት በመቶ ነው? እሱን ሳታውቅ የምታስይዘው ድርሻ ከየት ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ ዲለር ነኝ፣ ቬጋስ። በቅርቡ አንድ ያገሬ ልጅ ጠረጴዛዬ ላይ ካርታ ሲቆጥር አወቅኩበት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚቆጥረው፣ አሳዘነኝ። በአማርኛ ሰላም ብሎኛል፣ ዓይኔን ዓይኔን ያየኛል፣ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። ምን ላድርግ? ወንጀል ነው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ በጭንቅላቱ ብቻ እስከቆጠረ ድረስ ወንጀል አይደለም። ኔቫዳ ውስጥ ወንጀል የሚሆነው መሣሪያ ሲጠቀም ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በአፕ ቢቆጥር ችግር ውስጥ ይገባል። ካሲኖው ግን የግል ቦታ ነው፣ “ብላክጃክ አትጫወትብን” ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። ዳግመኛ እንዳትመጣ ተብሎ ከተመለሰ ያ ሌላ ጥፋት ነው። ኒው ጀርሲ ላይ ነገሩ ይለያል። ኬን ኡስተን የሚባል ታዋቂ ቆጣሪ ከስሶ እ.ኤ.አ. በ1982 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደለት፣ እዚያ ካሲኖ ቆጣሪን ስለቆጠረ ብቻ ማባረር አይችልም። ቶሎ ቶሎ መበወዝና ውርርድ መገደብ ግን ይችላል፣ ውጤቱ ያው ነው።

አንቺን የሚመለከተው ሌላው ነው። ምልክት እንዳትሰጪው። በዓይንም፣ በሳልም፣ “በርታ” በማለትም። ቆጠራ ቆጠራ ነው፣ ዲለርና ተጫዋች ተስማምተው የሚያደርጉት ግን ማጭበርበር ነው፤ እሱ ቺፑን (በገንዘብ ምትክ የሚያስይዘውን ክብ) ያጣል፣ አንቺ ፈቃድሽን፣ ሁለታችሁም ምናልባት ነጻነታችሁን። ያገር ልጅነት ካርታ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ካርታሽን አድይ፣ የሰጠሽን ቲፕ ተቀበይ። ሪፖርት ስለማድረግ የቤታችሁ ደንብ የሚልሽን አድርጊ፣ ሥራሽ ነው።

ለነገሩ ሪፖርትሽንም አይጠብቁም። ከላይ ካሜራ የሚያዩት ሰዎች የከንፈሩን መንቀሳቀስ አያዩም፣ ቺፑን ነው የሚያዩት። ቆጠራው ሲወጣ ውርርዱ አብሮ የሚወጣ፣ ሲበወዝ ወዲያው የሚወርድ ሰው ራሱን ነው የሚናገረው። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ውርርዳቸውን የሚያሳድጉት እጥፍ እጥፍ እያደረጉ፣ በተለይ ካሸነፉ በኋላ፣ እንደ ማንኛውም ደስ እንዳለው ሰው። ሁለት እጅ ይዘው መጫወትም ይወዳሉ፤ በየእጁ ለአንድ እጅ ከሚያስይዙት ሦስት አራተኛውን ያህል ያስይዛሉ።

ያ ልጅ ከ25 ተነስቶ በአንዴ 400 የሚዘል ከሆነ ግን፣ ታክሲ ነጂ መሆኑን ጠይቂልኝ። ከሆነ መልሱ እዚሁ ገጽ ላይኛው ላይ እንዳለ ንገሪው። ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን፣ ቡና ቤት ስታገኚው።